የዋሽንት አፍ በመወልወል ያልቃል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ በወረታ ዙሪያ የሚያገኙት የፎገራ ሜዳ ዛሬ በሩዝ ይታወቃል። ከሩዙ በፊት ግን የከብት አገር ነበር፤ በወተት የተመሰገነው የፎገራ ከብት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። እረኛ ከብቱን ሲያግድ ከሚይዛቸው ዕቃዎች አንዱ ዋሽንት ነው።

ዋሽንት ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ሸምበቆ ሲሆን ብዙ ጊዜ አራት ቀዳዳ አለው። ቀርከሃም ይሆናል፤ ከቧንቧ የተሠራም አይጠፋም። እንደ ክላርኔት የሚሰካ አፍ የለውም። ነፊው ሸምበቆውን ሰያፍ ይዞ ከንፈሩን ጠርዙ ላይ ያሳርፋል፤ ትንፋሹ እዚያ ስስ ጠርዝ ላይ ሲከፈል ድምፁ ይወጣል። ጠርዙ ትንሽ ከተሸረፈ ትንፋሽ ይባክናል፤ ዜማው ይሻክራል።

ታዲያ ዘወትር መወልወል ጠርዙን ይበላዋል? በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ከሆነ አይበላውም፤ የሸምበቆ ቆዳ ከጨርቅ ይጠነክራል። የሚበላው ጨርቁ ላይ የተጣበቀው አሸዋና አቧራ ነው። ድምፁን ላሳምር ብሎ ጠርዙን በቢላ የሚፍቅ ሰውማ የዋሽንቱን ዕድሜ በገዛ እጁ ያሳጥራል። ከሁሉ የሚከፋው ውሃና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ነው። ሸምበቆ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ዋሽንት በቁመቱ ይሰነጠቃል።

የሳክስፎን ማውዝፒስ (የሚሰካው አፍ) ጉዳይም ከዚህ አይርቅም። አብዛኛው የሚሠራው በድኝ ከጠነከረ ጥቁር ጎማ ነው። ሙቅ ውሃና ፀሐይ መልኩን ወደ አረንጓዴ ቡናማ ይቀይሩታል፤ የድኝ ሽታም ያመጣሉ። ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ግን አይጎዱትም። ጥንቃቄ የሚሻው በገመድ የሚጎተት መወልወያ ነው፦ ገመዱ ሁልጊዜ አንዱን ጠርዝ እያሸ ከወጣ በዓመታት ውስጥ ሊፈገፍገው ይችላል። በማውዝፒሱ ጫፍና በሪዱ (በሚንቀጠቀጠው ስስ ምላስ) መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ሚሊሜትር ገደማ በመሆኑ ጥቂቷ ለውጥ በጆሮ ትታወቃለች። ሪዱ ራሱ የሚቀረጸው ከሸምበቆ መሆኑ ደግሞ ደስ ይላል፤ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሳክስፎን ሲያንቆረቁር ከንፈሩ ላይ የነበረው የዋሽንት ዘመድ ነበር።

ዋሽንት ያላችሁ፣ ነፍታችሁ ስትጨርሱ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጠርጉት፣ ጥላ ውስጥ አኑሩት። ከጠርዙ ላይ ቢላና የብርጭቆ ወረቀት አርቁ።