ኢመርጀንሲ ሂት የምትለዋን ቁልፍ አትንኩ!

መሽቷል፣ ደክሞኛል፣ ጣቶቼም ገና በቅጡ አልተፍታቱም። ግን ይህን ሳልጽፍ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሰሞኑን ከግሩፕ ወደ ግሩፕ የምትዞር አንዲት ቪዲዮ አለች። ሰውዬው ካሜራ ፊት ቆሞ፣ «ብርዱ ሲጠነክር ቴርሞስታታችሁን ኢመርጀንሲ ሂት ላይ አድርጉት፤ ውጭ ያለውን ማሽን ደግሞ በረዶ እንዳይገባው ሸፍኑት» ይላል። በሙሉ ልብ ነው የሚናገረው፤ ሰው ደግሞ በሙሉ ልብ የተነገረውን ያምናል። እኔ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት ለቤት እየዞርኩ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የምጠግን፣ ተፈትኜ ፈቃድ ያወጣሁ ቴክኒሽያን ነኝ። ይህች ምክር የምታደርሰውን ኪሳራ ከቤት ቤት እያየሁ ነው።

ዛሬ ጠዋት 11 ፋራናይት ነበር፤ በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 12 ገደማ። ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። «ቤቱስ ይሞቃል ልጄ፣ ቢሉ ነው የገደለኝ» አሉኝ። ወጥቼ ባይ ውጭ ያለው ማሽን፣ ሂት ፓምፑ፣ በሰማያዊ ሸራ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ገብቼ ባይ ቴርሞስታቱ ኢመርጀንሲ ሂት ላይ ነው። «እማማ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» ስላቸው፣ «የእህቴ ልጅ ነው፤ ቪዲዮ አይቶ፣ ለእኔው አስቦ» አሉ። ልጁ ላይ አልፈርድም። የምፈርደው የማያውቁትን ነገር እንደ ባለሙያ በሚያስተምሩት ላይ ነው።

እንግዲህ በቁጥር ልሂድ።

1. ቴርሞስታቱን 85 ማድረግ ቤቱን ቶሎ አያሞቀውም። ማሽኑ የሚሰጠው ሙቀት ያው ነው፤ 85 ስትሉት እዚያ እስኪደርስ ሳያርፍ ይሠራል እንጂ አይፈጥንም። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለክረምት የሚመክረው፣ ሰው ቤት ውስጥ ነቅቶ ሲኖር ከ68 እስከ 70 ፋራናይት ነው። 68 አይበቃኝም ያለ ጋቢ ይደርብ።

2. ተሰክቶ የሚሠራ ስፔስ ሂተር ሁሉ አንድ ነው። «ኃይል ቆጣቢ» ተብሎ በ200 ዶላር የሚሸጠውና በ30 ዶላር የሚገዛው ሁለቱም 1,500 ዋት ከሆኑ፣ የሚሰጡት ሙቀት እኩል ነው፤ በሰዓት 5,100 ቢቲዩ ገደማ። ዘይት የተሞላው፣ ፋን ያለው፣ የውሸት እሳት የሚያሳየው፣ ቆጣሪው ዘንድ ልዩነት የላቸውም። የኤሌክትሪኩን ዋጋ በኪሎዋት አወር 18 ሳንቲም ብለን ብንይዝ፣ አንዱ ሂተር በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በወር 81 ዶላር ይበላል። ሦስት ክፍል ውስጥ ሦስት የሰካ 243 ዶላር። አንዱ ክፍል ውስጥ ብቻ ለማደር አንድ ሂተር ሰክቶ የቀረውን ቤት ቀዝቀዝ ማድረግ ሊያዋጣ ይችላል። ሙሉ ቤት በስፔስ ሂተር ማሞቅ ግን አያዋጣም።

ሌላው ደግሞ እሳት። 1,500 ዋት በ120 ቮልት 12.5 አምፔር ነው። የመኝታ ቤት ብሬከር ብዙውን ጊዜ 15 አምፔር ነው፤ ለረጅም ሰዓት ሊሸከም የሚገባው ደግሞ 12 ነው። ስለዚህ አንዱ ሂተር ብቻውን መስመሩን ሞልቶታል። በቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ሂተር ሰክታችሁ ምንጣፍ ሥር የምትቀብሩ ሰዎች፣ እባካችሁ! በጃንዋሪ 2022 ብሮንክስ ውስጥ 17 ሰው የጨረሰው የአፓርታማ እሳት የተነሳው ከስፔስ ሂተር ነበር። ከሞቱት ብዙዎቹ ከጋምቢያ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ግድግዳው ላይ በቀጥታ ሰኩት፤ ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ ቢያንስ 3 ጫማ አርቁት።

3. ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ኢመርጀንሲ ሂት።

ሂት ፓምፕ ሙቀት አያመርትም። ከውጭ አየር ውስጥ ሙቀት ሰብስቦ ወደ ቤት ያስገባል። ውጭው ቢበርድም አየሩ ሙቀት አለው፤ ማሽኑ የሚሠራው ያንን ማጓጓዝ ነው። ለዚህ ነው በ1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ 2 ወይም 3 ኪሎዋት ሙቀት የሚሰጣችሁ። ብርዱ ሲጠነክር አቅሙ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ቢቀንስም አብዛኛውን ጊዜ ካወጣችሁት በላይ ይመልሳል።

ቤት ውስጥ ባለው ክፍል ደግሞ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማሞቂያዎች አሉ፤ እኛ ስትሪፕ የምንላቸው። ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 15 ኪሎዋት ናቸው። ከግድግዳ ጀርባ የተደበቀ ትልቅ ስፔስ ሂተር ማለት ነው፤ 1 ኪሎዋት ይበላል፣ 1 ኪሎዋት ይሰጣል፣ አለቀ። ቴርሞስታታችሁ በተለመደው ሂት ላይ ሲሆን፣ ሂት ፓምፑ ብቻውን አልችል ሲል እነዚህን ራሱ ጠርቶ ያግዛል። ስክሪኑ ላይ «ኦክስ ሂት» ብሎ የሚመጣው ያ ነው። አትደንግጡ፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ማንም ሰው ጣቱን ማስገባት አያስፈልገውም።

ኢመርጀንሲ ሂት ስትጫኑ ግን ሂት ፓምፑን ጨርሳችሁ ታጠፉታላችሁ። ስትሪፑ ብቻውን ቤቱን ይሸከማል። ይህ የተሠራው ውጭ ያለው ማሽን ሲሰበር፣ ቴክኒሽያን እስኪደርስ ድረስ ቤተሰብ በብርድ እንዳያልቅ ነው። ብርድ ስለሆነ የሚጫን ነገር አይደለም። ማሽኑ ካልተሰበረ አይነካም። ደግሜ ልጻፈው? ማሽኑ ካልተሰበረ አይነካም።

ሒሳቡን ተመልከቱ። 10 ኪሎዋት ስትሪፕ በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ 120 ኪሎዋት አወር ነው። በ18 ሳንቲም 21 ዶላር ከ60። በ30 ቀን 648 ዶላር። ያንኑ ሙቀት ሂት ፓምፑ በአማካይ 1 በልቶ 2.5 እየሰጠ ቢያመጣው 259 ዶላር ነው። ልዩነቱ 389 ዶላር። አገር ቤት ያለ ስንት ሰው የሚኖርበት ገንዘብ ነው፣ በአንዲት ቁልፍ!

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህንን የሚሉት ዩቲዩበሮች ብቻ አለመሆናቸው ነው። የአፓርታማ አስተዳደር ሠራተኞችም ይሉታል። አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ ስሙን አልጠራም፣ ተከራዮች በር ላይ «ከ30 ዲግሪ በታች ሲሆን ወደ ኢመርጀንሲ ቀይሩ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ለቢሮዋ ሠራተኛ ሳስረዳት፣ «የማሽን ብልሽት ጥሪ እንዲቀንስ ነው» አለችኝ። ጥሪው ለእነሱ እንዲቀንስ ቢሉ በተከራዩ ላይ ይጨምር! ቢሉን የሚከፍሉት እነሱ ቢሆኑ ኖሮ ያ ወረቀት አንድ ቀን አይውልም ነበር።

ሌላም አለ። «ሥራ ስትሄዱ አጥፉት» የሚሉም አሉ። ጋዝ ፈርነስ ላለው ሰው ቀን ቀን ዝቅ ማድረግ ይጠቅማል። ሂት ፓምፕ ያለው ሰው ግን ከ68 ወደ 55 አውርዶ ማታ መልሶ ሲሰቅለው፣ ተራ ቴርሞስታት ከሆነ ያንን ሁሉ ዲግሪ ለመውጣት ስትሪፑን ይጠራል። ቀን የቆጠባችሁትን ማታ ትከፍሉታላችሁ። በዚህ ብርድ አንድ ቦታ አስቀምጡትና ተዉት።

4. ሸራው። ሂት ፓምፕ ክረምትም በጋም የሚሠራ ማሽን ነው፤ አየር ካልሳበ ከምን ሙቀት ይሰብስብ? መሸፈን ማለት አፍና አፍንጫውን አፍኖ ሩጥ እንደማለት ነው። በላዩ ላይ የሚወጣው ነጭ እንፋሎትም ጭስ አይደለም። ማሽኑ ጥቅልሎቹ ላይ የያዘውን አመዳይ ሊያቀልጥ ለጥቂት ደቂቃ ፋኑን አቁሞ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይመልሳል፤ ውሃው ሲተን ነው የምታዩት። ለዚህ ብላችሁ የእሳት አደጋ አትጥሩ፣ ባልዲ ሙሉ ውሃም አትድፉበት። በረዶው ግን ዙሪያውን ከከበበው በአካፋ ጥረጉለት፤ ሙሉ በሙሉ በግግር ተሸፍኖ ሰዓታት ካለፉ ያኔ ተሰብሯል፣ ያኔ ኢመርጀንሲ ሂት ተጭኖ ቴክኒሽያን ይጠራል። ቁልፏ ለዚያ ነች።

ፊልተር ቀይሩ አልልም፤ ይህን የማያውቅ የለም። (አለ። ቀይሩ።)

ቤዝመንት የምታከራዩ ወገኖች፣ ቴርሞስታቱን ላይ ቤት ቆልፋችሁ ታች ያለው ልጅ በርዶት ሂተር ሲሰካ «ቢል አስጨመረብኝ» ትላላችሁ። ታች ያለው ቤት በደንብ ስላልሞቀ ነው የሰካው። ዲሲ ውስጥ አከራይ ማሞቂያውን የሚቆጣጠር ከሆነ ቀን 68፣ ሌሊት 65 ፋራናይት የማድረስ ግዴታ አለበት። የአገር ልጅነት ከዚህ ግዴታ ነፃ አያወጣም።

አሁን የማልቀልድበትን ልንገራችሁ፤ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። ከሰል። ለቡና ብላችሁ ያቀጣጠላችሁትን ከሰል መስኮት ዘግታችሁ «ቤቱንም ያሙቅልን» ብላችሁ የምታቆዩ አላችሁ። ጋዝ ምድጃ በሩን ከፍተው የሚሞቁበትም አሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው ከደም ጋር የሚጣበቀው። አገር ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ከሰል አስገብተው ተኝተው ያልነቁ ቤተሰቦች ዜና እንሰማ የለ? እዚያ ቤቱ ብዙ ቀዳዳ አለው። እዚህ ቤቱ ብርድ እንዳያስገባ ተደፍኖ ነው የተሠራው፤ ጋዙም መውጫ የለውም። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በብርድ ስትመታ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤት መብራት ጠፋበት፤ ሰው ቤት ውስጥ ከሰል አነደደ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስቶ ለመሞቅ ሞከረ። ሙቀት ሲፈልግ የሞተው ሰው ብዙ ነው፣ ከእነሱም ውስጥ የእኛው ሰዎች ነበሩበት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያ ግዙ። ርካሽ ነው፣ ዕድሜው ካለፈ ቀይሩት። ቤት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው ጉንፋን አይደለም፤ ውጡ፣ ከውጭ ሆናችሁ 911 ደውሉ።

ጋዝ ፈርነስ ያላችሁም፣ በግድግዳ በኩል ወደ ውጭ የሚወጡትን ነጭ ቱቦዎች በረዶ እንዳይደፍናቸው ጥረጉ።

«ታዲያ ምንም ሳናጠፋስ ቢሉ ለምን ጨመረ?» ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ እናንተም ማሽኑም ጥፋት የላችሁም። የ13 ስቴቶችንና የዲሲን የኤሌክትሪክ ገበያ የሚመራው ፒጄኤም፣ ማመንጫዎች ለብርድና ለሙቀት ቀን ዝግጁ ሆነው እንዲቆዩ የሚከፈላቸውን ዋጋ በጨረታ ይወስናል። ዋጋው ለ2024/25 በሜጋዋት በቀን 28.92 ዶላር ነበር። ከጁን 2025 ጀምሮ 269.92 ዶላር ሆነ። ዘጠኝ እጥፍ! የድሮ ማመንጫዎች ይዘጋሉ፣ አዲሶቹ ተራ ይጠብቃሉ፣ ዳታ ሴንተሮች ደግሞ ይውጣሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ በአሽበርን በኩል በመኪና ያለፈ ሰው ያውቃቸዋል፤ መስኮት አልባ ግዙፍ ሕንፃዎች፣ ማለቂያ የላቸውም። እነሱ የሚበሉት ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ጭማሪ እማማ ከጡረታ ገንዘባቸው ይጋራሉ።

ዕርዳታስ? ላይሂፕ የሚባል የፌዴራል ፕሮግራም አለ፤ ከ1981 ጀምሮ ያለ፣ በዓመት 6 ሚሊዮን ገደማ ቤተሰብ የሚረዳ። በኤፕሪል 2025 ፕሮግራሙን የሚያስተዳድሩት የፌዴራል ሠራተኞች በሙሉ ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት መኸር ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ ሥራ ተዘጋና ገንዘቡ ለስቴቶች የተለቀቀው ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ የማሞቂያ ዕርዳታ ማመልከቻ የምትቀበለው ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ገደማ ብቻ ነው። ሰው የጃንዋሪ ቢል መጥቶበት ሲሮጥ በሩ ተዘግቷል! እስከ ማርች አጋማሽ ክፍት የሚሆነው፣ ማሞቂያው ለተሰበረበት ወይም መብራት ሊቋረጥበት ላለ ሰው የሚሰጠው የአስቸኳይ ጊዜ ዕርዳታ ነው። ሜሪላንድ ዓመቱን ሙሉ ትቀበላለች።

ቋንቋውም ሌላ ጣጣ ነው። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ አላት፤ አማርኛም ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሕጉ መልካም። አንድ ቢሮ ለአንድ አዛውንት ደንበኛዬ ስደውል ግን፣ አማርኛ አስተርጓሚ እናገናኛችሁ ብለው ሙዚቃ ሲያሰሙን ቆይተው መስመሩ ተቋረጠ። እንደገና ብንደውል እንደ አዲስ ከመጀመሪያው። አዛውንቱ «ተወው ልጄ፣ እግዜር ያውቃል» አሉ። እግዜርማ ያውቃል፤ ቢሮው ነው የማያውቀው።

ስለዚህ መብታችሁን እወቁ፦

ዲሲ ውስጥ በሚቀጥሉት 24 ሰዓታት 32 ፋራናይት ወይም ከዚያ በታች ከተተነበየ መብራትና ጋዝ መቁረጥ ክልክል ነው። ዕዳው ግን አይሰረዝም፤ ደውላችሁ በየወሩ የሚከፈል ስምምነት ጠይቁ።

ሜሪላንድ ያላችሁ፣ በር አንኳክቶ «ቢልህን አሳየኝ፣ እቀንስልሃለሁ» ለሚል ሰው ቢላችሁን አታሳዩ። የደንበኛ ቁጥራችሁን አይቶ ወደ ሌላ አቅራቢ ያዛውራችኋል፤ ስንቱ ሰው በዚህ መንገድ ተዛውሮ ጥቂት ወር ቆይቶ ዋጋው ይሰቀልበት ነበር። ስቴቱ በ2024 ሕግ አውጥቶ አቅራቢዎቹ ላይ ያጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቢላችሁ ላይ የአቅራቢውን ስም አንብቡ፣ የማታውቁት ስም ከሆነ ውጡ።

ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ ለኦክቶበር ማስታወሻ አስቀምጡ። ሳይቃጠል በቅጠል። የገቢ ማስረጃ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የመጨረሻውን ቢል አዘጋጁ፤ እንግሊዝኛ የሚቸገሩ ወላጆች ካሏችሁ አብራችሁ ተቀመጡና ሙሉላቸው።

ጥያቄ ያለው ውጭ ያለው ማሽን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ኮሜንት ላይ ያስቀምጥ፣ ነገ ከሥራ ስገባ አያለሁ። ሞዴል ቁጥር ሳይልክ «ማሽኔ ደህና ነው ወይ?» ለሚለኝ አልመልስም።