«ፊውዙ ነው» ብላችሁ አትለፉት!

መብራት ሄዶ ሲመጣ ቴሌቪዥናችሁ ጭጭ አለ እንበል። እዚህ ሐዋሳ ፒያሳ አንድ የጥገና ባለሙያ ወዳጅ አለኝ። እንዲህ ዓይነቱን ሲከፍት መጀመሪያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ከአጠገቡ ያለችውን ሳንቲም መሳይ ቫሪስተር ያያል።

ቫሪስተር ማለት ዘበኛ ናት። በ220 ቮልት ዝም ትላለች፤ ቮልቱ ድንገት ሲዘል ግን ትርፉን ራሷ ላይ ትወስዳለች። ታዲያ ዘበኛም ይደክማል! በእያንዳንዱ ዝላይ ትንሽ ትንሽ እየተጎዳች ቆይታ በመጨረሻ ሾርት ትሆናለች፤ ፊውዙም አብሯት ይቃጠላል። የኒውትራል መስመር ተቆርጦ ቮልቱ ወደ 380 ከተጠጋማ ግላ ልትፈነዳም ትችላለች።

ታዲያ ምን ይሻላል? «ለዛሬ ይሥራ» ብሎ በፊውዙ ቦታ ሽቦ የሚያስር ካጋጠማችሁ እሺ እንዳትሉት። ገንዘብ ያተረፋችሁ ይመስላችኋል፤ የገዛችሁት ግን እሳት ነው። ቫሪስተሯን ነቅሎ ቢተዋትም ዕቃው ይሠራል፤ የሚቀጥለው ዝላይ ግን ዘበኛ የሌለው ቤት ያገኛል።

ሁለቱንም በአሮጌዎቹ ላይ በተጻፈው ቁጥር ልክ አስቀይሩ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ተመልሶ እስኪረጋጋም ጥቂት ደቂቃ ታገሱ። ይህቺ ምክር ሳንቲም አታስወጣም። አደራ!