የሚያፈስ ቤት ኪራይ

ሰኔ ግም ሲል በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የኪራይ ቤት ጉዱ ይወጣል። በበጋ ደህና መስሎ የከረመው ቆርቆሮ ምስማሩ በላላበት በኩል ማፍሰስ ይጀምራል፤ በኮርኒስ ስም የተወጠረው ማዳበሪያ ውሃ አዝሎ ይረግባል፤ ግድግዳው ርሶ ምርጊቱ ይገመሳል። ተከራዩ አልጋውን ወደ መሀል ይስብና ከጠብታው ሥር ሳፋ ይደቅናል። ስንቁን ከገጠር ተሸክሞ መጥቶ ከተማ ተከራይቶ የሚማር ልጅ ከሆነ፣ የሚርሰው ለፈተና የሚያጠናበት ደብተሩ ነው። ወሩ ሲሞላ ግን ኪራዩ ሳይጎድል ይከፈላል። ይህ ትክክል አይደለም። ኪራይ የሚከፈለው ለሚኖርበት ቤት እስከሆነ ድረስ፣ መኖሪያነቱ ሲጎድል ዋጋውም መጉደል አለበት። ቅናሽ መጠየቅም ልመና አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራዩ ቤቱን በደህና ሁኔታ እንዲያስረክብና እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። በርና መስኮትን፣ ወለልንና ቧንቧን የመሰለ ጥቃቅን ጥገና በተከራዩ ላይ ቢጥልም፣ በእርጅና የመጣውን አያሸክመውም። የዛገ ጣሪያ የአከራዩ ዕዳ ነው።

«ኪራይ ከተቀነሰ ቤቱ በምን ይጠገናል?» የሚለው ተቃውሞ ግን በዋዛ አይታለፍም፤ ታሪክ ይደግፈዋልና። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ እስከ 300 ብር የሚከራዩ ቤቶችን ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ። እስከ 100 ብር የሚከራዩት ለቀበሌ ተሰጡ። ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ነገር ግን ከኪራዩ የሚገኘው ገንዘብ ለጥገና ስላልበቃ የቀበሌ ቤቶች አርጅተው ዘመሙ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ያ ቅናሽ የኪራዩን መጠን እንጂ የቤቱን ጉድለት አላየም፣ ማብቂያም አልነበረውም። እኔ የምለው ቅናሽ ጉድለቱ ሲነገር ጀምሮ ሲጠገን የሚያበቃ ነው። የጀርመን ሕግም እንዲሁ ነው፤ ተከራዩ ጉድለቱን ሳይውል ሳያድር ካስታወቀ፣ እስኪጠገን ድረስ ኪራዩ በሕግ ይቀንሳል። እንዲህ ሲሆን አከራዩ የሚያተርፈው በመጠገን ነው።

«ካልተመቸህ ልቀቅ» የሚባል ተከራይስ? ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የዘይት ፋብሪካ ባለባት ቡሬ ቤት ፈላጊ አይጠፋም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ግን ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ከተማ አስተዳደሩን መጠየቅ ይበጃል። ኪራዩን በራስ ሥልጣን ማስቀረት ተከራዩን ጥፋተኛ ያደርገዋል፤ አይመከርም። አብዛኛው አከራይ በዚያው ግቢ የሚኖር፣ በኪራዩ የሚተዳደር ሰው ነውና አነጋገሩም ይህን ያክብር፦ «እትዬ፣ ጓዳው ያፈሳል፤ ከሁለቱ ክፍል በአንዱ መተኛት አልቻልኩም። ቆርቆሮው እስኪቀየር ከኪራዩ ይቀንሱልኝ።» እጃቸው ካጠረ፣ ተከራዩ ቆርቆሮውንና ምስማሩን ገዝቶ በደረሰኝ ከኪራዩ ቢያስቆርጥ ሁለቱም አይጎዱም። ካልተግባቡ ሽማግሌ አለ። ምርጊት በክረምት ስለማይደርቅ፣ ጣሪያው ዛሬ፣ ግድግዳው በጥቅምት ተብሎ ይጻፍ፤ ጣሪያው ሲያልቅ ከቅናሹ ምን ያህሉ እንደሚነሳ፣ ለግድግዳው ምን ያህሉ እንደሚቆይ በዚያው ወረቀት ላይ ይስፈርና ሁለቱም ይፈርሙበት።