የናይሮቢ–ማው ሰሚት መንገድ፦ መኪናው ባይመጣ ኪሳራው የማን ነው?

ከሞምባሳ ወደብ ተነስቶ ወደ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳ፣ ደቡብ ሱዳንና ምሥራቅ ኮንጎ የሚዘልቀው የሰሜን ኮሪደር ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ሪሮኒ ላይ ይጠባል። ከዚያ እስከ ማው ሰሚት ባለው 175 ኪሎ ሜትር ላይ ተሳቢው፣ ማታቱ የሚባለው ሚኒባስና የቤት መኪናው በአብዛኛው በአንድ መሄጃና በአንድ መመለሻ ይጋፋሉ። በበዓል ሰሞን ሰልፉ ሰዓታት ይፈጃል። ሳልጋ አካባቢ ያለው ቁልቁለት ደግሞ በአደጋው ብዛት በመላ ኬንያ የታወቀ ነው። መንገዱ ይስፋ በሚለው ላይ የሚከራከር አልነበረም። ያም ሆኖ የማስፋፋቱ ሥራ ከመጀመሪያው ውል በኋላ አምስት ዓመት ቆሞ ከረመ። ያቆመውም መሬቱ ወይም ማሽኑ ሳይሆን የተገመተው መኪና ባይመጣ ኪሳራውን ማን ይሸከማል የሚለው ክርክር ነው።

በሴፕቴምበር 2020 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በወቅቱ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የፓሪስ ጉብኝት ወቅት፣ ቪንሲና ሜሪዲያም የተባሉ የፈረንሳይ ኩባንያዎች ያሉበት ጥምረት መንገዱን በ1.3 ቢሊዮን ዩሮ ሠርቶ ለ30 ዓመት ሊያስተዳድር ተፈራረመ። ስሙ የግል ኢንቨስትመንት ነው። ኩባንያው የሚከፈለው ግን መንገዱን ክፍትና ጤናማ አድርጎ ስለያዘ እንጂ በሚያልፈው መኪና ቁጥር አልነበረም። ነጂው የሚከፍለው ገንዘብ ወደ መንግሥት ቋት ይገባል፤ ካልበቃ ጉድለቱን ግምጃ ቤቱ ይሞላል። አሠራሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ገቢው ለተረጋገጠ ፕሮጀክት ባንኮች በዝቅተኛ ወለድ ያበድራሉ። ዕዳ ለከበደው መንግሥት ግን ይህ በሌላ ስም የተመዘገበ ብድር ነው።

ኬንያታን የተኩት የፕሬዚዳንት ሩቶ መንግሥት ውሉ ይስተካከል ብሎ ከጠየቀና ድርድሩ ከተጓተተ በኋላ በ2025 ስምምነቱ ፈረሰ። ኬንያ ከ6 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ ካሳ ልትከፍል ተስማማች፤ አንድ ሜትር አስፋልት ሳይነጠፍ።

በኖቬምበር 2025 መጨረሻ ሩቶ ሥራውን ያስጀመሩት በሌላ ውል ነው። የቻይናው ተቋራጭ ሲአርቢሲ ከኬንያ ብሔራዊ የማኅበራዊ ዋስትና ፈንድ ጋር ተጣምሮ አንዱን ክፍል ያዘ፤ ቀሪውን ሌላው የቻይና ኩባንያ ሻንዶንግ ሃይ ስፒድ። በማይ ማሂዩ በኩል ወደ ናይቫሻ የሚወርደው ቅርንጫፍም ይሰፋል። ወጪው ወደ 170 ቢሊዮን ሽልንግ ሲሆን ክፍያው በኪሎ ሜትር 8 ሽልንግ ሆኖ በየዓመቱ 1 በመቶ ይጨምራል። በዚህ ስሌት የቤት መኪና ይዞ ዳር እስከ ዳር የሚጓዝ ሰው 1,400 ሽልንግ ይከፍላል። የመኪናው ቁጥር ካነሰ ደግሞ ጉዳቱ የባለሀብቶቹ ነው ተብሏል።

እኔን የገረመኝ ያ 1 በመቶ ነው። የኬንያ የግሽበት ዒላማ መሐል ቁጥር 5 በመቶ ነው። ግሽበቱ እዚያ ላይ ቢረጋ የ8 ሽልንጉ የመግዛት አቅም በ15 ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። እውነተኛ ገቢው ባለበት እንዲቆይ ብቻ የመኪናው ቁጥር 80 በመቶ ያህል ማደግ አለበት። ለነጂው ደግ፣ ለባለሀብቱ ደፋር ውል ነው። እንዲህ ያሉ ደፋር ውሎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለድርድር ተመልሰው ይመጣሉ።

የአገር ውስጥ ገንዘብ መግባቱ ግን አንድ እውነተኛ ችግር ያቃልላል። በ2022 የተከፈተው የ27 ኪሎ ሜትሩ የናይሮቢ ኤክስፕረስዌይ በውጭ ምንዛሪ ዕዳ ስለተሠራ፣ ሽልንግ ሲዳከም ክፍያው ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ጨመረ፤ ለቤት መኪና ከፍተኛው ከ360 ወደ 500 ሽልንግ ገባ። እኛም ዘንድ በኢትዮጵያ ዕዳው ያው ነው። የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር አለበት። የሞጆ–ሐዋሳው በአፍሪካ ልማት ባንክ፣ በኮሪያ ኤግዚም ባንክ፣ በዓለም ባንክና በቻይና ኤግዚም ባንክ መካከል ተከፋፍሏል። ነጂው የሚከፍለው በብር ነው፤ ዕዳው የሚመለሰው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ የተፈጠረውን ልዩነት የተሸከመው በአብዛኛው የመንግሥት በጀት ነው።

ኬንያ ታዲያ የመኪና ትንበያውን አደጋ ከግምጃ ቤቱ አውጥታ በከፊል በጡረታ ቋት ላይ አሳርፋለች። ቋቱ የደለበው በቅርቡ ነው። ለዓመታት ከሠራተኛው በወር 200 ሽልንግ ብቻ ይቆረጥ የነበረው መዋጮ ከ2023 ጀምሮ በደመወዝ 6 በመቶ ይሰላል። ጡረታ የረጅም ጊዜ ገንዘብ ነው፤ መንገድም የረጅም ጊዜ ንብረት ነው፤ ጋብቻው ትርጉም አለው። የኛዎቹ የጡረታ ፈንዶች ለዓመታት ከግሽበት በታች በሆነ ወለድ የግምጃ ቤት ሰነድ ሲገዙ መኖራቸውን ላየ ሰው ያስቀናል። ሆኖም ሁለቱ ባለድርሻዎች እኩል አይደሉም። ሲአርቢሲ ባለሀብትም ተቋራጭም ነው፤ የግንባታ ትርፉን ሥራው እየተከናወነ ይወስዳል። ፈንዱ ግን ገንዘቡን መልሶ የሚያገኘው በክፍያ ጣቢያዎቹ በኩል፣ በሽርፍራፊ፣ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ነው። ስለዚህ የመኪናውን ቁጥር ማን ተነበየ፣ የግንባታውን ዋጋስ ከተቋራጩ ሌላ ማን አረጋገጠ የሚለው ጥያቄ ከምረቃው ሪባን በፊት ለኬንያ ሠራተኞች መመለስ አለበት።