የካሜራ ድንጋይ

ልጆች ሳለን ራዲዮው ድምፁ ሲደክም ድንጋዮቹን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣቸው ነበር። ደግሞ ይሠራል እኮ! ሙቀቱ ውስጡ ያለውን ኬሚካል ስለሚያነቃው ራዲዮው ለአንድ ዜና ያህል ነፍስ ይዘራል። አሮጌ ካሜራ ላላችሁ ወዳጆቼ የምነግራችሁ የዚህን ተገላቢጦሽ ነው፦ ያው ሙቀት የተቀመጠን ባትሪ ሳይሠራበት ይጨርሰዋል። ፍሪጅ ውስጥ ግን አትክተቱት፤ ሲወጣ ጤዛ ይይዘዋል። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ መሳቢያ ይበቃዋል።

ከሙቀትም የባሰው ካሜራው ውስጥ ረስቶ መተው ነው። ኤልአር44 የሚባለው ቁልፍ የሚያክል አልካላይን በውስጡ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አለው። ሲያረጅ ያፈስና ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ያበቅላል፤ አንዳንዴም ሽቦ ተከትሎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አሮጌ ካሜራ ስትገዙ ሌንሱን ከማድነቃችሁ በፊት የባትሪውን ክዳን ክፈቱ! ቅርፊቱ ጥቂት ከሆነ ጥጥ ላይ ትንሽ አቼቶ አድርጋችሁ ጥረጉት፤ አሲዱ ያመክነዋል።

የምወደው ግን የፔንታክስ ኬ1000 ነገር ነው። ከ1976 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ሲመረት የብርሃን መለኪያው ማብሪያ ማጥፊያ አልነበረውም። ማጥፊያው የሌንሱ ክዳን ነው! ጨለማ ሲሆን የመለኪያው ሴል ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። (ክዳኑ ሲጠፋብኝ ካልሲ አለብሰዋለሁ።) ሹተሩ በስፕሪንግ ስለሚሠራ ያለ ባትሪም ያነሳል። በዚያው በ1976 የወጣው ካኖን ኤኢ1 ግን ባለ 6 ቮልት ባትሪው ከሌለ ንቅንቅ አይልም።

ከዚያ ቀደም የነበሩ ብዙ ካሜራዎች የተሠሩት ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነበር። እሱ በመርዛማነቱ ከገበያ ወጣ። 1.5 ቮልቱን አልካላይን ብትተኩበት መለኪያው ሊዋሽ ይችላል። የሚቀርበው የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ፣ 675 ቁጥር ዚንክ ኤር ነው፤ 1.4 ቮልት ይሰጣል። ይህ ባትሪ የሚሠራው አየር እየሳበ ነው! ጀርባው ላይ ያለው ልጣጭ ካልተነሳ ለዓመታት ይተኛል፤ ከተነሳ ግን ብትጠቀሙበትም ባትጠቀሙበትም ከጥቂት ወራት በላይ አይዘልቅም።

ትንንሾቹን ባትሪዎች ሁሉ ከሳንቲም ጋር አትቀላቅሉ፤ ብረት ለብረት ሲነካካ ያልቃሉ። ከልጅ እጅም አርቁ፤ የተዋጠ ባትሪ ጉሮሮን በ2 ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል።

እኔ የዚንክ ኤሩን ልጣጭ የማነሳው ካሜራውን ፊልም ካጎረስኩት በኋላ ነው።