የድንገተኛና አጣዳፊ ቀዶ ሕክምና የፌሎሺፕ ሥልጠና፦ ምንነቱና ለታካሚው ያለው ትርጉም

በቀጠሮ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ጊዜ አለው። ምርመራው ተሟልቶ፣ የደም ዓይነቱ ታውቆ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ካለ ተስተካክሎ ታካሚው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል። ሌሊቱን በሆድ ቁርጠት ሲያቃስት አድሮ ማለዳ የደረሰ ገበሬ፣ ወይም በመኪና ተገጭቶ ራሱን የሳተ መንገደኛ ግን ከእነዚህ አንዱም አልተሟላለትም። ሐኪሙ የቀድሞ ሕመሙን አያውቅም፤ ከውስጥ ምን እንደተጎዳም ብዙ ጊዜ በእርግጠኝነት መናገር አይችልም። ይሁን እንጂ በደቂቃዎች ውስጥ መወሰን ይጠበቅበታል። የድንገተኛና አጣዳፊ ቀዶ ሕክምና የፌሎሺፕ ሥልጠና በዋናነት የሚያዘጋጀው ለዚህ ውሳኔ ነው።

ፌሎሺፕ ከስፔሻሊቲ ሥልጠና ቀጥሎ የሚሰጥ የሰብ-ስፔሻሊቲ ሥልጠና ነው። አንድ ሐኪም በመጀመሪያ በጠቅላላ ሐኪምነት ይመረቃል፤ ቀጥሎም ለዓመታት በሬዚደንትነት ሠልጥኖ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ይሆናል። ወደ ፌሎሺፕ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ስለሆነም በፌሎሺፕ ላይ ያለ ሐኪም «ገና ተማሪ» ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ቀዶ ሕክምናን በራሱ ኃላፊነት ለመሥራት የበቃ ባለሙያ ሆኖ፣ የመረጠውን ዘርፍ ከነባር ሐኪሞች ጋር እየሠራ የሚያጠልቅ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የሚምታቱ ሙያዎችን መለየት ያስፈልጋል። የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ማንኛውንም ድንገተኛ ታካሚ ተቀብሎ አተነፋፈሱንና የደም ዝውውሩን የሚያረጋጋ፣ ምርመራውንም የሚመራ ሐኪም ነው፤ ይህ ስፔሻሊቲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ግን መሣሪያ አንሥቶ የሚቀደው ነው። ሁለቱ በአንድ አልጋ ዙሪያ ይገናኛሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው።

ሥልጠናው በአንዳንድ አገሮች ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ በአሜሪካ በዘርፉ የሙያ ማኅበር የተቀረጸው መርሐ ግብር ለዚህ ምሳሌ ነው። ሦስት ነገሮችን በአንድ ያጣምራል፤ እነሱም የአደጋ ጉዳት ቀዶ ሕክምና፣ አደጋ ያልደረሰበት ሰው በድንገት የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና፣ እና የፅኑ ሕሙማን ሕክምና ናቸው። የመጀመሪያው የትራፊክ አደጋን፣ ከከፍታ መውደቅን፣ የጥይትና የስለት ጉዳትን ይመለከታል። ሁለተኛው ትርፍ አንጀትን፣ የአንጀት መዘጋትን፣ የጨጓራና የአንጀት መበሳትን የመሳሰሉትን ያካትታል። ሦስተኛው በብዙዎች ዘንድ የማይጠበቅ ነው፤ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በፅኑ ሕሙማን ክፍል ምን ይሠራል የሚል ጥያቄ ያስነሣል። መልሱ የሚገኘው ከዚህ በታች ነው።

ያልተዘጋው ሆድ

ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ሦስት እርስ በርስ የሚባባሱ ችግሮች ይገጥሙታል። ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ የደሙ አሲድነት ይጨምራል፤ ደሙም የመርጋት አቅሙን ያጣል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ታካሚ የተበጠሰ አንጀቱን ሁሉ ለመስፋት ሲባል ለሰዓታት በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ማቆየት ስፌቱ እያማረ ሰውየው እንዲሞት ማድረግ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሠለጠነ ሐኪም የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ሆን ብሎ ያሳጥረዋል። የሚደማውን ያቆማል፤ የአንጀት ይዘት ወደ ሆድ ዕቃ እንዳይፈስ ይገታል፤ ከዚያም ሆዱን ሳይሰፋ በጊዜያዊ መሸፈኛ ሸፍኖ ታካሚውን ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ይልካል። በዚያ ታካሚው ይሞቃል፣ ደምና የደም ተዋጽኦ ይሰጠዋል፣ አተነፋፈሱ በመሣሪያ ይደገፋል። ሁኔታው ሲስተካከል፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ፣ ቀሪው ጥገና ይፈጸማል።

አሠራሩ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስም ከባሕር ኃይል የተወረሰ ሲሆን፣ በቀዶ ሕክምና ጽሑፎች የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በውጊያ የተመታች መርከብ በባሕር መካከል አትጠገንም፤ ቀዳዳዋ ተደፍኖ፣ እሳቷ ጠፍቶ ወደብ እንድትደርስ ብቻ ይደረጋል።

ይህን የማያውቁ ቤተሰቦች ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ «ሆዱ አልተዘጋም» የሚል ቃል ሲሰሙ ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ሥራው የተበላሸ ወይም ታካሚው የተተወ ይመስላቸዋል። አንዳንዶችም ታካሚው በዚያው ቀን ወደ ሌላ ሆስፒታል እንዲዛወር ይጠይቃሉ፤ ሙቀቱና ደሙ ገና እየተስተካከለ ያለን ሰው በመኪና ማንቀሳቀስ ግን ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነው። ያልተዘጋ ሆድ ታቅዶ የተደረገ ሊሆን ይችላል። ተገቢው ጥያቄ «ለምን አልዘጋችሁትም?» ሳይሆን «ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና መቼ ይሆናል? እስከዚያስ ምን ያህል ደም ያስፈልጋል?» የሚል ነው። ደም ለመለገስ የሚችሉ ዘመዶች ካሉም ጊዜው ያን ጊዜ ነው።

አለመቅደድም ውሳኔ ነው

ሥልጠናው መቼ መቅደድ እንዳለበት ብቻ ሳይሆን መቼ መታገሥ እንዳለበትም ያስተምራል። ጣፊያው የተጎዳ፣ ነገር ግን የደም ግፊቱ የተረጋጋ ታካሚ በቅርብ ክትትል ያለ ቀዶ ሕክምና ሊድን ይችላል። ከቀድሞ ቀዶ ሕክምና በቀረ ጠባሳ ምክንያት አንጀቱ የተያዘበት ሰውም በአፍንጫ በሚገባ ቱቦና በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ ሊሻለው ይችላል። ክትትል ማለት ግን ቸልታ አይደለም፤ ሐኪሙ በየጊዜው ሆዱን እየዳሰሰ፣ የልብ ምቱን እየቆጠረ፣ የሁኔታው መባባስ ምልክት ሲታይ ወዲያውኑ ለመቅደድ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅበት ነው።

በአገራችን ሆስፒታሎች በብዛት ከሚታዩት ድንገተኛ የሆድ ሕመሞች አንዱ የታችኛው ትልቅ አንጀት መጠማዘዝ ነው። ሆድ ይነፋል፣ ሰገራና ጋዝ ይቆማል፣ ቁርጠቱ ይጠናል። አንጀቱ ገና ካልሞተ በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ ተፈትቶ እፎይታ ሊገኝ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ከእፎይታው በኋላ ነው። ታካሚው ዳንኩ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ለቀጣዩ ቀዶ ሕክምና የተሰጠውን ቀጠሮ ይተወዋል፤ አንጀቱም ዳግም ይጠማዘዛል። የኋለኛው መጠማዘዝ አንጀቱ ከሞተ በኋላ ሐኪም ዘንድ የሚደርስ ከሆነ፣ በቀጠሮ በተሻለ ዝግጅት ሊሠራ የነበረው ቀዶ ሕክምና ሕይወት ለማትረፍ የሚደረግ ሩጫ ይሆናል።

የቅርቡ ሆስፒታል ይቀድማል

ከዚህ ሁሉ የተነሣ «ፌሎሺፕ የሠራ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ካልሆነ አልሄድም» የሚል አሳብ ሊመጣ ይችላል። ይህ አሳብ አደገኛ ነው። የትርፍ አንጀትና የቀላል አንጀት መዘጋት ቀዶ ሕክምና በአጠቃላይ ሆስፒታሎች በጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶች፣ በብዙ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎችም ለዚሁ በሠለጠኑ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ይሰጣል። ስለ ዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና ጥናት ያቀረበው የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ሰዎች መሠረታዊ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ተቋም በሁለት ሰዓት ውስጥ መድረስ እንዲችሉ ግብ አስቀምጧል። የሩቁን ለመፈለግ የቅርቡን ማለፍ ከእነዚህ ሁለት ሰዓታት ላይ የሚቀነስ ነው።

ጉዳዩ ከተቋሙ አቅም በላይ ከሆነ ታካሚው ከተረጋጋ በኋላ በሪፈራል ይላካል፤ ተቀባዩን ሆስፒታል በስልክ የሚያገኘው የላይዘን ክፍሉ ነው። የሪፈራል ወረቀት ይዞ ወደማያውቁት ሆስፒታል በራስ መንዳት አልጋ ባለመኖሩ ምክንያት ከበር ወደ በር ለመንከራተት ይዳርጋል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ አካል የሆነው አቤት ሆስፒታል ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ ሕክምና የተቋቋመ ነው፤ ስሙም ለጥሪ የሚሰጥ መልስ መሆኑ የተስማማ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ ከባድ የሆድ ሕመም ላለበት ሰው የሚበላም ሆነ የሚጠጣ ነገር፣ አምቦ ውኃና ለስላሳም ቢሆን፣ ባይሰጥ ይመረጣል፤ ማደንዘዣ ሲሰጥ ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። ሆድን ማሸትም አይገባም። የሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዛል። ስብራት ያለበት እጅና እግር በጥብቅ አይታሰርም፤ ወጌሻ አጥብቆ አስሮት ደም ያጣ እግር በመጨረሻ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ታካሚው የሚወስደው መድኃኒት ካለ ማሸጊያው፣ የቀድሞ የሕክምና ወረቀቱም አብሮ ይምጣ። ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት ለሐኪሙ ከብዙ ማብራሪያ የሚበልጥ መረጃ ነው።

ሕይወቱ ለአደጋ የተጋለጠ ሰው የመጀመሪያ እርዳታ በቅድሚያ ክፍያ ምክንያት ሊዘገይበት አይገባም። የትራፊክ አደጋ ተጎጂም በተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሕግ መሠረት የአስቸኳይ ሕክምና ሽፋን የሚያገኝበት ሥርዓት አለ፤ ስለዚህ የተሽከርካሪው የሰሌዳ ቁጥር ተመዝግቦ ቢቀመጥ ይጠቅማል።

የፈቃድ ቅጽ ላይ የሚፈርመው፣ አእምሮው እስከተረጋጋ ድረስ፣ ራሱ ታካሚው ነው። ከሩቅ የሚመጣ ታላቅ ወንድም ወይም አባት እስኪደርስ መጠበቅ በብዙ ቤተሰብ የተለመደ ቢሆንም፣ ለሞተ አንጀት ሰዓታት ብዙ ናቸው። ራሱን ስቶ ዘመድ ያልተገኘለት ታካሚ ሲሆን ሐኪሞች ሕይወቱን ለማትረፍ የሚያስፈልገውን ያደርጋሉ። ከመፈረም በፊት የሚቀደው ሐኪም ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ካልተሠራ ምን እንደሚከተል መጠየቅ የታካሚው መብት ነው። ከሆስፒታል ሲወጡም የተሠራው ቀዶ ሕክምና የተጻፈበትን የመሸኛ ወረቀት ተቀብሎ በጥንቃቄ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ቀጣዩ ሐኪም በመጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነው።