የውጭ አገር ጎብኚዎችን የሚመለከቱ የጣልያን ሕጎች

የውጭ አገር ጎብኚዎችን የሚመለከቱ የጣልያን ሕጎች ወደ ጣልያን ለጉብኝት፣ ለዘመድ ጥየቃ ወይም ለአጭር ጉዳይ የሚገባ ሰው በቆይታው የሚገዛባቸው ደንቦች ናቸው። ምንጫቸው ሦስት ነው፦ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ የአገሩ መንግሥት ሕግ እንዲሁም ክልሎችና ማዘጋጃ ቤቶች የሚያወጧቸው ደንቦች። በዚህ ምክንያት በአንድ ከተማ የተፈቀደ ነገር በሌላው ሊያስቀጣ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣው የጣልያን የወንጀል ሕግ በአገሩ ግዛት ያለን ሰው ሁሉ፣ ዜጋም ሆነ የውጭ አገር ሰው፣ እንደሚገዛ በአንቀጽ 3 ይደነግጋል። አንቀጽ 5 ደግሞ ሕጉን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም ይላል። የአገሩ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ1988 እ.ኤ.አ. ይህን ድንጋጌ ያላላው ሕጉን ማወቅ በፍጹም ለማይችል ሰው ብቻ ነው።

መግቢያና ቆይታ

ጣልያን የሸንገን ስምምነት አባል ናት። የአጭር ጊዜ ጎብኚ በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይፈቀድለትም። ቀኑ የሚቆጠረው በሸንገን አገሮች ሁሉ በአንድነት ስለሆነ፣ ከጣልያን ወደ ፈረንሳይ ደርሶ መመለስ ቆጠራውን እንደገና አያስጀምረውም።

ከሌላ የሸንገን አገር ወደ ጣልያን የሚገባ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነ ሰው በ8 ቀን ውስጥ መምጣቱን ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። ሆቴል የሚያርፍ ከሆነ ሆቴሉ ለፖሊስ የሚያስተላልፈው የእንግዳ ምዝገባ ይህን ይተካል። ዘመድ ወይም ወዳጅ ቤት የሚያርፍ እንግዳ ግን ይህ አይሆንለትም። እንዲያውም የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነን ሰው በቤቱ የሚያሳድር ሁሉ፣ እንግዳው የቅርብ ዘመዱ ቢሆንም፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ለአካባቢው የጸጥታ ባለሥልጣን በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ይህን ያላደረገ ባለቤት ከ160 እስከ 1,100 ዩሮ ይቀጣል።

ፓስፖርት

የጸጥታ ኃይሎች ሲጠይቁት ያለ በቂ ምክንያት ፓስፖርቱን ወይም ሌላ መታወቂያውንና የመቆያ ፈቃዱን የማያሳይ የውጭ አገር ሰው እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 2,000 ዩሮ መቀጮ ሊፈረድበት ይችላል። ስለዚህ ፓስፖርትን ማረፊያ ትቶ ፎቶ ኮፒ ብቻ ይዞ መውጣት አያስተማምንም።

በሻንጣ የሚገባ ዕቃ

ከአብዛኞቹ የአውሮፓ ኅብረት አባል ያልሆኑ አገሮች ሥጋና የወተት ውጤት ለግል ፍጆታም ቢሆን ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። ከኢትዮጵያ ለዘመድ የሚላክ ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ በዚህ ክልከላ ስር ይወድቃል፤ ከተገኘም ይወረሳል።

ጫት በኢትዮጵያ በሕጋዊ መንገድ የሚመረትና ወደ ውጭ የሚላክ ሰብል ቢሆንም፣ በጣልያን ከአደንዛዥ ዕፆች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። በብዛት ይዞ መግባት እንደ ዕፅ ዝውውር ተቆጥሮ ለእስራት ይዳርጋል።

10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ተጓዥ ለጉምሩክ ማስታወቅ አለበት። በአገሩ ውስጥም ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 5,000 ዩሮና ከዚያ በላይ የሆነ ክፍያ በመሠረቱ በጥሬ ገንዘብ መፈጸም አይቻልም።

ግብይት

በመንገድ ላይ የሚሸጡ የታዋቂ ድርጅቶች ስም የተለጠፈባቸው አስመስለው የተሠሩ ቦርሳዎችና መነጽሮች ሻጩን ብቻ ሳይሆን ገዢውንም ያስቀጣሉ። የገዢው ቅጣት ከ300 እስከ 7,000 ዩሮ ሲሆን፣ ዕቃውም ይወረሳል።

መጓጓዣና መኪና

የክልል ባቡር የወረቀት ቲኬት ከመሳፈር በፊት በጣቢያው በሚገኘው፣ ቀንና ሰዓት በሚያትም ማሽን መመታት አለበት። ያልተመታ ቲኬት የያዘ ሰው ሒሳቡን የከፈለ ቢሆንም ሊቀጣ ይችላል።

መኪና የሚከራዩ ጎብኚዎችን በብዛት የሚያስቀጣው «ዞና ኣ ትራፊኮ ሊሚታቶ» ይባላል፤ ፈቃድ የሌለው መኪና በተወሰነ ሰዓት እንዳይገባበት የታጠረ የከተማ ቀጠና ነው። ሮምን፣ ፍሎረንስንና ሚላኖን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ይገኛል። በር ወይም ጠባቂ የለውም፤ የመኪናውን ሰሌዳ የሚያነሳው ካሜራ ነው። የቅጣት ወረቀቱ ውጭ አገር ለሚኖር ሰው እስከ 360 ቀን ድረስ ሊላክ ስለሚችል፣ ብዙዎች መቀጣታቸውን የሚያውቁት አገራቸው ከገቡ ከወራት በኋላ ነው።

በአሽከርካሪ ደም ውስጥ የሚፈቀደው የአልኮል መጠን በሊትር እስከ 0.5 ግራም ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ 3 ዓመት ላልሞላው ሰው ምንም አይፈቀድም።

ቅርስና የከተማ ደንብ

በጥንታዊ ግንብ ላይ ስም መጻፍ ወይም መቅረጽ በወንጀል ያስጠይቃል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ደግሞ ቅርስ ባበላሸ ሰው ላይ ከ10,000 እስከ 60,000 ዩሮ የሚደርስ ተጨማሪ የገንዘብ ቅጣት ጥሏል።

ሮም ውስጥ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በስፔን አደባባይ ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። በቬኒስ እርግቦችን መመገብና በቦዮቹ ውስጥ መዋኘት ያስቀጣል፤ ከተማዋ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተወሰኑ ቀናት ሳያድሩ ከሚመለሱ ጎብኚዎች የመግቢያ ክፍያ ታስከፍላለች። በሰርዴኛ ደሴት ከባሕር ዳርቻ አሸዋ፣ ጠጠር ወይም ዛጎል ወስዶ መሄድ ከ500 እስከ 3,000 ዩሮ ያስቀጣል።

የተቀጣ ሰው መብት

የትራፊክ ቅጣት በ5 ቀን ውስጥ ከተከፈለ አብዛኛውን ጊዜ 30 በመቶ ይቀነሳል። ይሁንና የከፈለ ሰው የይግባኝ መብቱን ያጣል። ቅጣቱ አይገባኝም የሚል ሰው ሳይከፍል በ60 ቀን ውስጥ ለአካባቢው የመንግሥት ተወካይ፣ ለ«ፕረፌቶ»፣ አቤት ማለት ይችላል።

በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘና ጣልያንኛ የማያውቅ ሰው ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። በ1963 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት መሠረትም መያዙ ለአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት መጠየቅ ይችላል። የኢትዮጵያ ኤምባሲ የሚገኘው በሮም ነው። ለአስቸኳይ እርዳታ የሚደወለው ቁጥር 112 ነው።